ሲቪላይዜሽን 5፦ አራት ከተሞች ይዤ አምስተኛ ልጨምርን?

ጥያቄ (ከጎተራው)፦
ጤና ይስጥልኝ። ሲቪላይዜሽን 5 የተባለውን የኮምፒውተር ጨዋታ «ብሬቭ ኒው ወርልድ» ከተባለው ማስፋፊያው ጋር ኢትዮጵያን ይዤ እየተጫወትሁ ነው። ዓላማዬ ከተሞቼን በቁጥር ሳላበዛ ማግዘፍ ነበር፤ ይሁን እንጂ 110ኛው ዙር ላይ አዲስ አበባ በ11፣ ሐረር በ8፣ የቀሩት ሁለቱ በ7 እና በ6 ነዋሪ ቆመዋል፤ ደስታዬም ከዜሮ በታች 3 ነው። ትራዲሽን ከተባለው የፖሊሲ ዛፍ (በተራ ከሚመረጡ ፖሊሲዎች ስብስብ) ሌጋሊዝምንና አሪስቶክራሲን ብቻ ወስጄ ወደ ሌላው ዛፍ ወደ ፓየቲ አልፌአለሁ። በስተደቡብ እስካሁን ያልያዝሁት ሐር (ደስታ የሚጨምር የቅንጦት ሀብት) ያለበት ባዶ መሬት ስላየሁ አምስተኛ ከተማ ልቆረቁር አስቤአለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ (ባለ ሲራራ)፦
ከተማ ከመጨመር ይልቅ የንግድ መስመሮችህን ወደ ውስጥ አዙራቸው። ጎተራ ከተሠራበት ከተማ ወደ አዲስ አበባ ሲራራ ብትልክ፣ ተቀባዩ ምግብ ሲያገኝ ከላኪው ምንም አይጎድልም፤ ሁለቱም ከተሞች ባሕር ዳር ከሆኑ ደግሞ መርከብ የሲራራውን እጥፍ ያመጣል።

መልስ (ዙር ቆጣሪ)፦
የሲራራው ምክር መልካም ቢሆንም ጊዜው ገና ነው። ደስታ ከዜሮ ሲወርድ ከትርፉ ምግብ ለዕድገት የሚቆጠረው ሩቡ ብቻ ስለሆነ፣ አሁን የሚላከው አብዛኛው ይባክናል። ጠያቂው የዘለለው ዋናው ነገር በትራዲሽን ዛፍ ውስጥ ያለው ሞናርኪ የተባለው ፖሊሲ ነው፤ በርእሰ ከተማው ለሚኖሩ ለየሁለቱ ሰዎች አንድ ቅሬታ ስለሚቀንስ፣ በ11 ነዋሪ 5 ተቀንሶ ደስታህ ወደ 2 ይወጣል። ምግቡ ወደ አዲስ አበባ መሄድ ያለበትም ለዚሁ ነው፤ በሌላ ከተማ የሚጨመር እያንዳንዱ ሰው አንድ ሙሉ ቅሬታ ይዞ ይመጣል። ስለ ሐሩም ብናሰላው፣ 4 ደስታ ይሰጥሃል፤ አዲሱ ከተማ ግን በራሱ 3፣ የመጀመሪያው ነዋሪ ደግሞ 1 ይወስዳሉ። ስለዚህ ከተማው ሁለተኛ ሰው ሲያገኝ ኪሳራ ይጀምራል። በዚያ ላይ በመደበኛ ካርታ እያንዳንዱ ተጨማሪ ከተማ የምርምርን ዋጋ በ5 በመቶ ያንረዋል፤ ናሽናል ኮሌጅን (በሁሉም ከተሞች ቤተ መጻሕፍት የሚጠይቀውን የምርምር ሕንፃ) ካልጨረስህም ለአምስተኛው ከተማ ቤተ መጻሕፍት እስክትሠራ መጠበቅ ግድ ነው። ሐር ያለው ጎረቤት ካለ፣ በእጅህ ከተደገመ የቅንጦት ሀብት አንዱን ሰጥተህ ለውጠው፤ ሁለተኛው ቅጂ ለአንተ ደስታ አይጨምርም።

ጎተራው፦
ሞናርኪን የተውሁት ለነገሥታት ወዳጆች ብቻ የሚሆን መስሎኝ ነበር! ቀጣዩ ፖሊሲ በ6 ዙር ይደርሳል። ግን በአራት ከተማ ብቻ ጎረቤት ቢወረኝስ?

መልስ (ባለ ሲራራ)፦
የቅደም ተከተሉን ነገር ተቀብያለሁ። ስለ ወረራው ግን አትስጋ፤ የኢትዮጵያ ልዩ ችሎታ «የዓድዋ መንፈስ» ስለሆነ፣ ከአንተ የበለጠ ከተማ ካለው መንግሥት ጋር ስትዋጋ ሠራዊትህ የ20 በመቶ ብልጫ ያገኛል። ከተማ በጨመርህ ቁጥር ይህን ብልጫ የምታገኝባቸው ጎረቤቶች ሊያንሱ ይችላሉ። ሲራራዎቹን ግን ሞናርኪ በተያዘበት ዙር ማዞርህን አትርሳ።