ቤት ሸጦ በተማሪ ቪዛ መላክ፦ ለትምህርት ነው ለስደት?

የአዳማዋ እህት
ሰላም ለሁላችሁ። ቤታችን ለሁለት ከተከፈለ ሦስት ሳምንት ሆነው፤ እስቲ እናንተ ዳኙን። ታናሽ ወንድሜ በአካውንቲንግ ተመርቆ ሁለት ዓመት ባንክ ሠርቷል። አሁን ለማስተርስ ከአንድ የአሜሪካ ኮሌጅ አይ-20 (ለተማሪ ቪዛ የሚያስፈልገው የኮሌጁ የመቀበያ ወረቀት) መጥቶለታል። የመጀመሪያው ዓመት ከነመኖሪያው 28 ሺህ ዶላር ነው። ያለን ሀብት የእናታችን ቤት ብቻ ነው። እሱ "አንድ ዓመት ብቻ ክፈሉልኝ፣ ቀሪውን እዚያ እየሠራሁ እከፍላለሁ፣ ከዚያ ወረቀት አወጣለሁ" ይላል። አጎቶቼ ይሸጥ ብለዋል፣ ደላላም መጥቶ ቤቱን አይቷል። እኔ ፈራሁ። የተማሪ ቪዛ መሰደጃ ይሆናል? ቢሆንስ ልክ ነው?

ሲልቨር ስፕሪንግ
እህቴ፣ አትሽጡ። እዚህ 15 ዓመት ኖሬአለሁ፤ የማየውን ልንገርሽ። በኤፍ-1፣ ማለትም በተማሪ ቪዛ፣ የመጣ ሰው ትምህርት ባለበት ወቅት መሥራት የሚፈቀድለት በሳምንት 20 ሰዓት ነው፣ ያውም ግቢው ውስጥ። በሰዓት 15 ዶላር ቢያገኝ በሳምንት 300 ዶላር፣ ከግብር በፊት። ይህ ለኪራይና ለምግብም አይበቃም። የሁለተኛውን ዓመት ክፍያ ከየት ያመጣዋል? ያለው መንገድ ከግቢ ውጭ በካሽ መሥራት ነው፤ በዚያች ቀን ደግሞ የቪዛውን ሕግ አፈረሰ ማለት ነው።

እኔ ቤት ምድር ቤቱን ተከራይቶ የነበረ ልጅ ልክ እንደ ወንድምሽ አስቦ ነው የመጣው። በሁለተኛው ዓመት መክፈል አቃተው፣ ምዝገባው ተቋረጠ፣ የተማሪነት መብቱም አብሮ ሄደ። አባቱ ሲያርፉ ለቀብር መሄድ አልቻለም፤ ከወጣ አይመለስማ። ሳሎኔ ውስጥ ለቅሶ ተቀመጥንለት። የቤተሰቡን መሬት ያሸጠው ያው የመጀመሪያው ዓመት ክፍያ ነበር።

ሚኒያፖሊስ
ወንድሜ፣ ያየኸውን አልክድም። ግን እኔም በዚያው በር ገብቼ ነው ዛሬ ቆሜ የምናገረው። አባቴ የባሕር ዛፍ ማሳቸውን ሸጠው ነው የላኩኝ። ከምረቃ በኋላ ኦፒቲ የሚባል የ12 ወር የሥራ ፈቃድ አለ፤ ትምህርቱ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ከሆነ 24 ወር ይጨመርበታል። እኔ ኮምፒውተር ስለተማርኩ ሦስት ዓመት ሙሉ በሕግ ሠራሁ፤ ከዚያ ቀጣሪዬ ኤች-1ቢ የሚባለውን የሠራተኛ ቪዛ አስገባልኝ። አንዲት ቀን እንኳ ተደብቄ አልሠራሁም። "የተማሪ ቪዛ ለስደት አይሆንም" ብሎ መዝጋት ልክ አይደለም፤ ሕጉ ራሱ ያስቀመጠው መሰላል ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ
የአንተ መሰላል ኮምፒውተር ነበር። አካውንቲንግ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው 12ቱን ወር ብቻ ነው። ኤች-1ቢም ዕጣ ነው፦ በዓመት 85 ሺህ፣ ለዓለም ሁሉ። በዕጣ ላይ የእናት ቤት ይያዛል?

የወሎው መምህር
ልጆቼ፣ አንድ ነገር አልተነሳም። ይህ ልጅ ኢንተርቪው ላይ ምን ሊል ነው? የአሜሪካ ሕግ ለተማሪ ቪዛ የሚያመለክተውን ሰው ሁሉ "ሊቀር ነው የመጣው" ብሎ ነው የሚጀምረው፤ እንደሚመለስ ማሳመን ያለበት አመልካቹ ነው። ቤት፣ ሥራ፣ ቤተሰብ የሚጠየቀው ለዚህ ነው። እናንተ ግን ቤቱን ሸጣችሁ፣ ሥራውን አስለቅቃችሁ፣ "ተመልሼ እመጣለሁ" በል ብላችሁ ልትልኩት ነው። ይመልሰኛል ብሎ የሚያሳየውን ነገር በገዛ እጃችሁ አጠፋችሁት እኮ።

ከዚያ ወዲያ የህሊናው ጉዳይ አለ። ተምሮ ሲጨርስ በሕግ የሚቀርበት ዕድል ቢመጣ መቀበል ነውር የለውም። ለመቅረት ቆርጦ "እመለሳለሁ" ማለት ግን ውሸት ነው። አርባ ዓመት ሳስተምር ልጆች እንዳይዋሹ ነው የለፋሁት።

ልጅ ከመርካቶ
መምህር፣ በአክብሮት ነው፤ ግን ሌላ በር አሳዩን። ዲቪ ነበር፦ በዓመት 55 ሺህ፣ ከአንድ አገር ከ7 በመቶ በላይ አይወጣም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ ሁሉ እየሞላ የሚጠብቀው እሱን ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2025 ቆሟል ተባለ። ታላቅ ወንድሜ በጅቡቲዋ ኦቦክ በኩል ቀይ ባሕርን በጀልባ ተሻግሮ ሳውዲ ገባ፤ የመንን እንዴት እንዳለፋት ዛሬም አይነግረንም። ከዚያ ሁሉ በአውሮፕላን፣ በፓስፖርት፣ በቪዛ መሄድ አይሻልም? ባለ ብዙ ገንዘብ ልጁን ሲልክ "ትምህርት" ይባላል፤ እኛ ስንሞክር "ስደት" ይባላል። ይህ ያቃጥለኛል።

የወሎው መምህር
ቁጭትህ እውነት ነው፤ እሱን አልከራከርህም። ወንድምህንም እግዚአብሔር ይጠብቀው።

ቶሮንቶ
እኔ ደግሞ ለምን ሁሉም አሜሪካ ብቻ እንደሚያይ አይገባኝም። በካናዳም ቢሆን የተማሪውን መንገድ አልመክርም፤ ከ2024 ወዲህ በኮታ ነው፣ ከትምህርት ክፍያው ውጭም ወደ 23 ሺህ የካናዳ ዶላር ማሳየት ይጠየቃል። ልጁ ግን ዲግሪና የሁለት ዓመት የባንክ ልምድ አለው። ኤክስፕረስ ኢንትሪ የሚባለው የካናዳ የባለሙያ መቀበያ መንገድ ለእንደሱ ዓይነት ሰው ነው የተሠራው፦ ዕድሜ፣ ትምህርት፣ ልምድና ቋንቋ ተደምሮ ነጥብ ይሰጣል፤ ነጥቡ የደረሰለት በቀጥታ ለቋሚ ነዋሪነት ያመለክታል። ብቻውን ከሆነ 15 ሺህ ገደማ የካናዳ ዶላር ማሳየት ያስፈልጋል፤ ገንዘቡ ግን መተዳደሪያው ነው፣ ለኮሌጅ አይከፈልም።

እውነቱን ለመናገር አሁን የሚጠየቀው ነጥብ ከፍ ብሏል፤ በእንግሊዝኛ ብቻ መድረስ ከባድ ነው። ፈረንሳይኛ ለሚችሉ ግን ለብቻቸው በዝቅተኛ ነጥብ ይጠራሉ። አዲስ አበባ አሊያንስ ኢትዮ-ፍራንሴዝ አለ። ሁለት ዓመት ማታ ማታ ቢማር ቤት አይሸጥም።

ልጅ ከመርካቶ
ሁለት ዓመት! በሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ያኔ 28 ሺህ ዶላር 1.6 ሚሊዮን ብር ነው። ዛሬ ከእጥፍ በላይ። ሁለት ዓመት የጠበቀ ሰው ቤቱን ሸጦም ግማሹን አያገኝ።

ተመራማሪዋ፣ ኦሃዮ
ዶላሩ ላይ ልክ ነህ። ግን ሁላችሁም ኤፍ-1ን ቤተሰብ የሚከፍልበትና ዩኒቨርሲቲው የሚከፍልበት ብላችሁ በሁለት አትከፍሉትም። እኔም ኤፍ-1 ነኝ፤ ከቤተሰቤ የወሰድኩት የቲኬት ገንዘብ ብቻ ነው። የምማርበት ዩኒቨርሲቲ በረዳት መምህርነት ቀጥሮ ክፍያዬን ሰርዞልኝ በየወሩ ደመወዝ ይከፍለኛል። ማስታወቂያው አብዛኛውን ጊዜ በታኅሣሥና በጥር ይዘጋል፤ ስለዚህ ከመሄጃው አንድ ዓመት ቀድሞ ማመልከት ነው። በአካውንቲንግ ማስተርስ ቢከብድም በኢኮኖሚክስ ወይም በስታትስቲክስ ይሞክር፤ ስታትስቲክስ ከሆነ ያ 24 ወርም አብሮ ይመጣለታል። ቆንስሉ ፊት ሲቀርብም "ማን ይከፍልልሃል?" ሲባል መልሱ ዩኒቨርሲቲው በሰጠው ደብዳቤ ላይ ነው።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን ጊዜያዊ ቪዛ የሦስት ወርና ለአንድ መግቢያ ብቻ ሆኗል። በሦስት ወር ውጣ ማለት አይደለም፤ ቪዛው መግቢያ ነው፣ የሚቆየው ትምህርቱ እስካለ ነው። እናቱን ለማየት አንዴ ከወጣ ግን እንደገና ኤምባሲ ቀርቦ አዲስ ቪዛ መለመን አለበት። እኔ ለእህቴ ሠርግ ያልመጣሁት ለዚህ ነው። ይህን ለእናታችሁ ንገሯቸው።

የአዳማዋ እህት
ሁላችሁንም አነበብኩ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ማታ ወንድሜን አስቀምጬ ጠየቅሁት። የደበቀን ነገር ወጣ፦ አይ-20ውን ያመጣለት ጉዳይ አስፈጻሚ "የባንክ ስቴትመንቱን እኛ እናሳምርላችኋለን" ብሎ 150 ሺህ ብር ጠይቆታል።

ሚኒያፖሊስ
እህቴ፣ እዚህ ላይ እኔም ከሲልቨር ስፕሪንግ ጋር ነኝ። ሐሰተኛ ሰነድ ከተያዘ የሚቀረው የዚህ ዓመት ቪዛ ብቻ አይደለም፤ ስሙ መዝገብ ውስጥ ይገባና አሜሪካ እስከ ዕድሜ ልክ ሊዘጋበት ይችላል። ነገ ቢያገባ፣ ዲቪ ቢመለስና ቢደርሰው፣ ያ መዝገብ ይጠብቀዋል። ያ ሰው እጁ የገባውን ወረቀታችሁን ሁሉ መልሳችሁ ውሰዱና ራቁት።

የአዳማዋ እህት
ዛሬ ጠዋት ለደላላው ደውዬ ቤቱ ከገበያ ይውጣ አልኩት። ወንድሜ አኩርፏል፤ ምሳም አልበላ። ለኮሌጁ ግን መግቢያውን ወደሚቀጥለው ዓመት እንዲያዛውሩለት ጽፏል፣ ስታትስቲክሱንም እያየ ነው። እናቴ ምንም አላለችም። "ከሄደ በኋላ መቼ ነው የማየው?" ብቻ ነው የጠየቀችኝ።

ልጅ ከመርካቶ
ኮሌጁ እምቢ ቢለውስ?

የአዳማዋ እህት
እሱን እኔም እየፈራሁት ነው። መልሱ እንደመጣ እጽፍላችኋለሁ።