የዳክዬ ጫጩት ድንገት ስትንገዳገድ፦ የት ልውሰዳት? ምን ልግዛላት?

ሰሞኑን ሦስት ሰው አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቀኝ። «ትናንት ስትሮጥ የነበረች የዳክዬ ጫጩት ዛሬ መቆም አቃታት፣ ማን ጋ ልውሰዳት?» እኔም ዓምና በዚሁ ጉዳይ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ስለዚህ አዲስ አበባና ዙሪያዋ ላላችሁ የሞከርኩትን፣ የጠቀመኝንና ገንዘቤን ብቻ የበላውን እነግራችኋለሁ።

የእኔዋ ሎሚ ትባላለች። ስሙን ያወጡላት ልጆቼ ናቸው፣ ቀለሟን አይተው። ከእህቷ ጋር ከቢሾፍቱ ነው ያመጣኋት። በ18ኛ ቀኗ ጠዋት ካርቶኑን ስከፍት እንደ ወትሮዋ ወደ እጄ ልትመጣ ተነሳች፣ ሁለት እርምጃ ሄደች፣ ከዚያ በቁርጭምጭሚቷ ዘፍ አለች። እንደገና ተነሳች። አሁን ክንፏን ዘርግታ መሬቱን እንደ ምርኩዝ ተደገፈች። አንገቷ ቀጥ ያለ ነው፣ ዓይኗ ንጹህ ነው፣ መብላትም ትፈልጋለች። እግሯ ብቻ እምቢ አለ።

ሰፈር ያለ የእንስሳት መድኃኒት ቤት ሮጥኩ። ባለሙያው ጫጩቷን ሳያይ፣ ስንት ቀኗ እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቅ፣ በውሃ የሚበጠበጥ ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባል አንቲባዮቲክ ሰጠኝ። ሦስት ቀን ሰጠኋት። ምንም ለውጥ የለም። እንዲያውም ቁርጭምጭሚቷ አበጠ፣ እግሯም ወደ ውጭ መንሻፈፍ ጀመረ። በአራተኛው ቀን አንድ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። እሱ መጀመሪያ ያለኝ ነገር «ምን ትበላለች?» ነበር። ከዚያ መጋጠሚያዋን በአውራ ጣቱ ቀስ አድርጎ ዳሰሰ፣ ሁለቱን እግሮች ጎን ለጎን አስተያየ። እውነቱን ነገርኩት። ስታርተሩ (የጫጩት መኖው) ካለቀ ሳምንት አልፎታል፣ ልጆቹ የበቆሎ ቅንጬና የእንጀራ ፍርፋሪ ነው የሚሰጧት። «ኒያሲን አጥሯታል» አለኝ።

ኒያሲን ቫይታሚን ቢ3 ማለት ነው። ዳክዬ ከዶሮ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የእንቁላል ዶሮ ጫጩት በኪሎ መኖ 27 ሚሊ ግራም ገደማ ሲበቃት የዳክዬ ጫጩት ወደ 55 ሚሊ ግራም ትፈልጋለች። በቆሎ ደግሞ ለዚህ ከማይሆኑ እህሎች ዋናው ነው፤ ያለው ኒያሲን ታስሮ የተቀመጠ ስለሆነ ሆድ ውስጥ አይፈታም። ስለዚህ ጫጩቷ ጠግባ እየበላች እግሯ ይደክማል። ጉዳቱ ውስጥ ውስጡን ሲሄድ ቆይቶ ነው አንድ ቀን ጠዋት ድንገት የመጣ የሚመስለው።

ነገር ግን መንገዳገድ ሁሉ ኒያሲን አይደለም። ከመግዛታችሁ በፊት ጫጩቷን በደንብ እዩአት። አንገቷ እንደ ጨርቅ ከተዝለፈለፈና ሽባነቱ ከእግር ወደ ክንፍ፣ ከክንፍ ወደ አንገት ከወጣ ቦቱሊዝም የሚባለው የባክቴሪያ መርዝ ነው የሚጠረጠረው። የቆመ የበሰበሰ ውሃ፣ የሞተ አይጥ ወይም ትል የበላች ጫጩት ላይ ይመጣል። ዓይንና አፍንጫዋ ፈሳሽ ካለው፣ ኩሷ አረንጓዴ ተቅማጥ ከሆነ፣ ራሷ ከተንቀጠቀጠ ደግሞ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፤ አንቲባዮቲክ ትርጉም የሚኖረው ያኔ ነው፣ እሱንም ሐኪም ይምረጠው። ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ቆልምማ እግሯን የምታወራጭ ከሆነና ሌሎቹም በሰዓታት ውስጥ ተከታትለው ከሞቱ የዳክዬ የጉበት ቫይረስ ይታሰባል። እነዚህን ካያችሁ ቫይታሚን ፍለጋ አትዙሩ፤ ከሌሎቹ ለይታችሁ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ።

ግቢያችሁ ግንባታ ላይ ከሆነ ሌላም ነገር አለ። ዳክዬ የሚያብለጨልጭ ነገር ትውጣለች። ሚስማር፣ የሽቦ ቁርጥራጭ፣ የቆርቆሮ ፍቅፋቂ፣ ሳንቲም። ዚንክና እርሳስ የሚባሉት ብረቶች ደም ውስጥ ሲገቡ እንዲሁ ያንገዳግዳሉ። ይህን በአንድ ጊዜ የሚያሳያችሁ ራጅ ነው።

አሁን ወደ ቦታዎቹ ልምጣ። የሰፈር የእንስሳት መድኃኒት ቤት ጥሩነቱ ቅርብ መሆኑ ነው። ምን እንደምትፈልጉ ካወቃችሁ በውሃ የሚሟሟ የቫይታሚን ዱቄት ከዚያ ግዙ። ምርመራ ግን አትጠብቁ። የወረዳ የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ክፍያው ቀላል ነው፣ ባለሙያዎቹም ፈንግልን በደንብ ያውቁታል፤ ዳክዬ ግን ብዙ አይገጥማቸውም፣ ስለዚህ የዶሮና የዳክዬን የኒያሲን ልዩነት እናንተው አንሱላቸው፤ ብዙዎቹ በደስታ ይሰማሉ። ውሻና ድመት የሚያክሙት የግል ክሊኒኮች ንጹህና ፈጣን ናቸው፣ አንዳንዶቹ ራጅም አላቸው። ከመሄዳችሁ በፊት ግን ደውላችሁ «ወፍ ታያላችሁ?» በሉ። ይህን ሳልጠይቅ ሄጄ ሎሚን በዝናብ ይዣት የተመለስኩበት ቀን አለ።

የእኔ ምርጫ ቢሾፍቱ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚያ ነው፣ ማስተማሪያ ሆስፒታልም አለው። ከተማዋ ራሷ የዶሮ እርባታ ከተማ ስለሆነች ስለ መኖ የሚጠይቅ ሐኪም ለማግኘት እዚያ ይቀላል። ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በጠዋት ከተነሳችሁ በቀኑ ትመለሳላችሁ። እዚያው ቢሾፍቱ ያለውን ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ግን ከሆስፒታሉ ጋር አታምታቱት፤ እሱ ክትባት አምራች ነው እንጂ የታመመች ዳክዬ ተቀብሎ አያክምም። ሰበታ ያለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ደግሞ የላቦራቶሪ ቦታ ነው። ብዙ ጫጩት በአንዴ ከሞተባችሁ ወደዚያ ማሰቡ ተገቢ ነው። የሞተችውን በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ፍሪጅ ውስጥ አቆዩ፤ ፍሪዘር ውስጥ አታስገቡ፣ በረዶው የሰውነቷን ክፍል ያበላሽና ምርመራውን ያከብደዋል።

ስለ ምርቶቹ ትንሽ ልዘርዝር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ገንዘብ የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው። ፋርማሲ ገብታችሁ «ለነርቭ የሚሆን ቫይታሚን ቢ» ስትሉ ብዙ ጊዜ የሚሰጧችሁ ቢ1፣ ቢ6 እና ቢ12 ብቻ ያለበትን ነው። ውድ ነው፣ ኒያሲን ግን የለውም። ከጀርባው አንብቡ። «ኒኮቲናማይድ» ወይም «ኒያሲን» የሚል ካላያችሁ አትግዙ። ተራው የቢ ኮምፕሌክስ ክኒን በጣም ርካሽ ነው፣ ብዙዎቹም በአንዱ ፍሬ 20 ሚሊ ግራም ገደማ ኒኮቲናማይድ አላቸው። ልኩ በአራት ሊትር ውሃ ከ100 እስከ 150 ሚሊ ግራም ነው። ክኒኑ በደንብ ስለማይሟሟ እኔ ፈጭቼ እርጥብ መኖ ላይ መበተኑን መርጫለሁ፣ የራሷን መጠን ሐኪሙ አስልቶልኝ። በውሃ የምትሰጡ ከሆነ በየቀኑ ቀይሩት። ቀስ እያለ የሚለቀቀውን የአዋቂ ክኒን ግን ተዉት። የሐኪሙ የቢ ኮምፕሌክስ መርፌ መቆም ላቃታት ጫጩት ይፈጥናል፤ እቤት ራሳችሁ አትውጉ።

የቢራ እርሾ ዱቄት ካገኛችሁ ለእኔ አንደኛ እሱ ነው። ለአንድ ኩባያ መኖ አንድ የሾርባ ማንኪያ ገደማ። እዚህ እንደ ልብ አይገኝም፣ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ማስመጣት ይቻላል። በዳቦ እርሾ አትተኩት፤ እሱ ሕይወት ያለው ነው፣ ሆዷ ውስጥ ይቦካል። ጎረቤቴ «አተላ ስጫት፣ እርሾ አለው» ብላኝ ነበር። ከልቧ አስባልኝ ነው፣ ግን አተላ አልኮል አለበት፣ 300 ግራም ለማትሞላ ጫጩት አይሆንም። ከጓዳ የሚረዱት የተቀቀለ አተር ክክና በስሱ የተከተፈ የተቀቀለ ጉበት ናቸው፣ ጨውና በርበሬ ሳይነካቸው። መደገፊያ ናቸው እንጂ ክኒኑን አይተኩም።

ስታርተር ስትገዙ ቦርሳው ላይ የተጻፈውን አንብቡ፣ ከዚያ እጃችሁን ከትታችሁ አሽትቱ። የሻጋታ ሽታ ካለው ቢለምኗችሁም አትውሰዱ። የዳክዬ ጫጩት ሻጋታ ለሚያመነጨው መርዝ፣ ለአፍላቶክሲን፣ እጅግ ስስ ናት። በፈረንጆች 1960 እንግሊዝ አገር የተበላሸ የኦቾሎኒ ፋጉሎ ከ100,000 በላይ ቱርኪዎችን ሲፈጅ የዳክዬ ጫጩቶችም አብረው አልቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ተመራማሪዎች መርዙን ለመለየት የዳክዬ ጫጩት እስከመጠቀም ደርሰዋል። እኛ ጋ በክረምት የሚቀመጥ ፋጉሎና በቆሎ እንዴት እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። ሻጩ አምፕሮሊየም (የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስያን መድኃኒት) ጨምሩ ካላችሁም ያለ ሐኪም አትስማሙ፣ ከልኩ ሲያልፍ ቫይታሚን ቢ1ን ያግዳል፣ እሱም ራሱ ያንገዳግዳል።

ወለሉንም እዩ። እኛ ቤት ሴራሚክ ላይ ጋዜጣ ነበር የምናነጥፍላቸው። ትልቅ ስህተት ነው፤ እግራቸው እየተንሸራተተ ይከፈታል። ሦስት ነገር ሞክሬያለሁ። ሳጋቱራ ይመጠዋል ግን ይበሉታል። ጆንያ አይንሸራተትም ግን ክሩ ጣታቸው ላይ ይጠመጠማል። በየቀኑ የሚቀየር ደረቅ ጭድ አሸነፈ። እርጥቡን አታቆዩት፣ ሻጋታው ሳንባቸውን ይይዛል።

ሎሚ ክኒኑን በጀመረች በሦስተኛው ቀን ያለ ክንፍ ድጋፍ ቆመች። ልጄ ሳህን ጥላ ነው እየጮኸች የጠራችኝ። እንደ ልቧ ለመሄድ ግን ሁለት ሳምንት ፈጅቶባታል፣ በዚያ መሃል በየቀኑ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ እየሞላን አምስት ደቂቃ እናንሳፍፋት ነበር። ውሃው ክብደቷን ሲይዝላት እግሯ መሥራት ይጀምራል። ከዚያ ፎጣ፣ ከዚያ አምፖሉ ሥር፤ እናት የሌላት ጫጩት ላባዋ ቅባት ስለሌለው ቶሎ ትበርዳለች። እህቷ ምንም ምልክት ባይኖርባትም እኩል ሰጠናት። ሁለቱም እስከ አሥር ሳምንታቸው ድረስ አላቋረጡም። ዘግይታችሁ ከጀመራችሁና አጥንቱ ከተጣመመ ግን ሙሉ በሙሉ ላይቃና ይችላል፣ ስለዚህ «ነገ እናያለን» አትበሉ።

ወደ ሐኪም ስትሄዱ ጎኑ የተበሳ ካርቶን ውስጥ ጭድ አንጥፉ፣ እህት ካላት አብራችሁ ውሰዱ፣ ብቻዋን ስትሆን በጩኸት ትደክማለች። ስትራመድ በስልክ ቅረጹ፣ ክሊኒክ ስትደርስ ፈርታ ቁጭ ትላለች። ከምትበላው መኖ ደግሞ አንድ እፍኝ በፌስታል ያዙ።