ለመንገድ፣ ለባቡር፣ ለብስክሌት፦ የትራንስፖርት ብር የሚከፋፈለው የት ነው?

ሳይክል ጠጋኙ፣ ሐዋሳ

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ አቶቴ አካባቢ ብስክሌት እጠግናለሁ። ሥራውን ከታላቅ ወንድሜ ተማርኩ፣ አሁን የራሴ ቦታ አለኝ። ዛሬ የምጠይቀው ግን የበጀት ነገር ነው። የሚያውቅ ሰው ካለ እባካችሁ በደንብ ያስረዳኝ።

ሰሞኑን ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራ አንዲት ልጅ ሳይክሏን እየጎተተች መጣች። የፊት ቸርኬው ተጣሞ ስምንት ቁጥር ሆኗል። ጉልበቷ ተልጦ ይደማል። በብስክሌት መስመሩ ስትሄድ ባጃጅ ቆሞበት ነበር። ልታልፈው ወደ አስፋልቱ ስትወጣ ሚኒባስ ከኋላዋ ጥሩምባ ነፋባት። ደንግጣ ወደ ዳር ስትመለስ የፊት ጎማዋ ክዳን የሌለው የውሃ ቱቦ ውስጥ ገባ።

የተበጠሱትን ሽቦዎች ቀየርኩላት። ቸርኬውን እያሽከረከርኩ፣ አንዱን ሽቦ እያጠበቅኩ ሌላውን እያላላሁ አቃናሁት። ግን አንዴ ክፉኛ የተመታ ቸርኬ እንደ በፊቱ አይሆንም። ፍሬን በያዘች ቁጥር ትንሽ ይነካባታል። አዲስ ለመግዛት ደሞዟ አይፈቅድም። ቁጭ ብላ ስትጠብቅ «ይህን መስመር ሲሠሩ ብር ወጥቶበታል አይደል? ታዲያ የሚጠብቀው ማነው?» አለችኝ። ምን ልበላት?

ሐዋሳን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ሜዳ ናት። ከፒያሳ ሐይቅ ዳር ለመድረስ ዳገት የለም። ተማሪው፣ አናጢው፣ ዳቦ አመላላሹ፣ ከታቦር ግርጌ እስከ መናኸሪያ ሁሉም በሳይክል ይሄዳል። ዜና ስከፍት ግን የምሰማው ስለ ፈጣን መንገድና ስለ ባቡር ነው። ያውም በቢሊዮን። አልቃወምም፣ አገር ያስፈልጋታል። ማወቅ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ለመንገድ ይህን ያህል፣ ለባቡር ይህን ያህል፣ ለሳይክል ይህን ያህል ተብሎ የሚቆረጥበት ቦታ አለ? ካለ የት ነው? አንድ ቢሮ ሄጄ «በጀቱ እኛ ጋ አይደለም» አሉኝ። ወደ ሌላ መሩኝ፣ እዚያም ያው መልስ ነው።

የመንገድ ጡረተኛ፣ ሐዋሳ

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ለልጅቷ እግዚአብሔር ይማርሽ በልልኝ።

ዕድሜዬን በመንገድ ጥገና ሥራ ነው የጨረስኩት። ሁለቱም ቢሮ እኛ ጋ አይደለም ያለህ ያለ ምክንያት አይደለም። ሁሉም ብር አንድ ላይ ተቆልሎ ለሦስት የሚከፈልበት ጠረጴዛ የለም። ኪሱ ብዙ ነው፣ አንዱ ኪስ ከሌላው ጋር አይገናኝም።

ከከተማ ከተማ የሚወስደውን አዲስ መንገድ ውሰድ። ገንዘቡ ከፌደራል መንግሥት ካዝናና ከብድር ነው። የእኛው የሞጆ ሐዋሳ ፈጣን መንገድ ጥሩ ማሳያ ነው። ወደ 200 ኪሎ ሜትር ነው፣ አራት ቦታ ተከፍሏል። ከሞጆ መቂ የአፍሪካ ልማት ባንክ፣ ከመቂ ባቱ ኮሪያ፣ ከባቱ አርሲ ነገሌ የዓለም ባንክ፣ ከአርሲ ነገሌ ሐዋሳ የቻይና ኤግዚም ባንክ። እያንዳንዱ ብድር የተፈረመው ለዚያ ቁራጭ መንገድ ብቻ ነው። ከላዩ ቆንጥሮ ለአቶቴ ሳይክል መስመር ላውል የሚል ሰው ቢኖር ውሉ አይፈቅድለትም። ባቡሩም እንዲሁ ነው። የአዲስ አበባ ጅቡቲ መስመር በአብዛኛው የተሠራው በቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር ነው። ዕዳው ከብዶ መክፈያ ጊዜው በ2010 ዓ.ም መጨረሻ ከ10 ዓመት ወደ 30 ዓመት ተራዝሟል። ስለዚህ ባቡሩ የሳይክልን ብር ወሰደ ማለት ይከብዳል።

ሁለተኛው የጥገና ኪስ ነው። እኔ የማውቀው ይህን ነው። የመንገድ ፈንድ የተቋቋመው በአዋጅ ቁጥር 66/1989 ነው። ዋናው ምንጩ ከነዳጅ ሽያጭ ላይ በየሊትሩ የሚሰበሰብ ነው። እኛ የሠራንበት ክፍፍል 70 በመቶ ለፌደራል መንገዶች፣ 20 በመቶ ለክልሎች፣ 10 በመቶ ለከተሞች ነበር። እዚህ ላይ ልብ በል። ሕጉ ለጥገናና ለመንገድ ደኅንነት እንጂ ለአዲስ ግንባታ አይደለም። በዚያ ብር አዲስ የሳይክል መንገድ አይሠራም። የተሠራውን መጠገን ግን የጥገና ሥራ ነው፣ ክዳንም ቢሆን።

ሦስተኛው የከተማው የራሱ ነው። ከሊዝ፣ ከግብር፣ ከክልል ድጎማ። የዓለም ባንክ ለከተሞች ባደረገው ድጋፍ ስንት ኮብልስቶንና ስንት ቱቦ ተሠርቷል። አሁን ደግሞ ኮሪደር ልማቱ መጣ።

እንግዲህ የሳይክል ድርሻ የት ገባ ካልከኝ፣ ሥዕሉ ውስጥ ነው። ማንኛውም መንገድ ሲታቀድ ኢንጂነሩ ስፋቱን ከዳር እስከ ዳር ቆርጦ የሚያሳይበት አንድ ወረቀት አለ። መኪናው ይህን ያህል ሜትር፣ ቱቦው ይህን ያህል፣ እግረኛው ይህን ያህል ይላል። ሳይክል እዚያ ላይ 2 ሜትር ካገኘ ብሩ አብሮ ይመጣል፣ ለብቻው አይጠየቅም። ካላገኘ ግን ኮንትራክተሩ ከፈረመ በኋላ መለወጥ ቫሪዬሽን ነው። ቫሪዬሽን ደግሞ ብርም ጊዜም ይበላል፣ ማንም ደፍሮ አይገባበትም። ብዙ ሰው የሚጮኸው አስፋልቱ ከፈሰሰ በኋላ ነው። ይህ ነገር ዕድሜ ልኬን ያንገበግበኝ ነበር።

የቱቦውን ክዳን በተመለከተ፣ በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። የጥገና ዕቅድ የሚዘጋጀው ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ነው። ሰው አቤት የሚለው ክረምቱ ገብቶ ቱቦው ሲሞላ ነው፣ ያኔ ዕቅዱ ጸድቋል። አሁኑኑ በጽሑፍ አስገባ። ቦታውን ለይተህ፣ ፎቶ አያይዘህ፣ ደብዳቤውን በመዝገብ ቤት ቁጥር አሰጥተህ። በቃል የተነገረ ነገር የትም አይደርስም።

ባለ ባጃጅ

እኔም ሐዋሳ ነኝ፣ ባጃጅ ነው የምሠራው። ልጅቷ ላይ የደረሰው አሳዝኖኛል። ግን እኛም እንሰማ። ተሳፋሪ «ወራጅ» ሲል የት ላቁም? መሃል አስፋልት ላይ ካቆምኩ ትራፊክ ይቀጣኛል። ዳር ካቆምኩ የሳይክል መስመር ነው። መንገዱ ሲሠራ ለባጃጅ መቆሚያ የሚሆን ገባ ያለ ቦታ አልተተወም። ደግሞም ጋሼ እንዳሉት የጥገናው ብር ከነዳጅ ነው። ነዳጁን ተሰልፌ የምቀዳው እኔ ነኝ። ሳይክል ምን ይከፍላል?

የሒሳብ ሠራተኛዋ፣ አዳማ

ከአዳማ ነው የምጽፈው። የጭነት መኪና ድርጅት ውስጥ ሒሳብ እሠራለሁ፣ ስለዚህ ስለ ባቡሩ ትንሽ ልጨምር።

የድሮው ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም ነው። የአዳማው ጣቢያ መሃል ከተማ ነበር። ሰው ከባቡር ወርዶ በእግሩ ገበያ ይገባ ነበር፣ እናቴ ይህን ስታወራ አትጠግብም። አዲሱ በ2009 ዓ.ም ተመረቀ። ከሰበታ እስከ አዳማ ድርብ ሐዲድ፣ ከአዳማ ወዲያ ነጠላ። በኤሌክትሪክ ይሄዳል፣ ጥሩ ባቡር ነው። ጣቢያው ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ሻንጣ ይዞ በእግር የሚሞከር አይደለም። ባጃጅ ኮንትራት ትይዛለህ፣ ያ ደግሞ ኪስ ይጎዳል። ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ሐዲድ በቢሊዮን ዶላር ተዘርግቶ፣ ከጣቢያው እስከ ሰፈር ያለችውን አጭር መንገድ በእግርና በሳይክል የሚያስኬድ ጥላ ያለው መንገድ አብሮ አለመታሰቡ ያበሳጨኛል። ባቡሩን ለሠራ ሰው ያ ወጪ ከምንም የሚቆጠር አልነበረም። ግን ከሐዲዱ ውል ውጭ ነበር፣ የከተማው ሥራ ነው ተባለ። ጋሼ ኪሱ ኪሱን አያውቅም ያሉት ይኸው ነው።

ሌላው፣ ባቡር በወሰደው ኮንቴነር ልክ ከመንገድ ላይ ከባድ መኪና ይቀንሳል። እኛ ቢሮ ይህ እንደ ገበያ ማጣት ነው የሚታየው። እኔ ግን ከአዋሽ መልስ ያለውን የተቦረቦረ አስፋልት አይቼ፣ ለባቡር የወጣ ብር ለመንገድም የወጣ ነው እላለሁ።

የመንገድ ጡረተኛ፣ ሐዋሳ

እህቴ ያልሽው ልክ ነው። ከእሷ ልነሳና ለባለ ባጃጁ ወንድሜ ልመልስ።

መንገድ የሚጎዳው በጎማው ላይ ባለው ክብደት ነው፣ ጉዳቱ ደግሞ ከክብደቱ በላይ እየዘለለ ይጨምራል። በመንገድ ምህንድስና የሚሠራበት ስሌት እንዲህ ነው። በአንድ አክስል፣ ማለትም ግራና ቀኝ ጎማን በሚያገናኘው ዘንግ ላይ ያለው ጭነት እጥፍ ሲሆን በአስፋልቱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ወደ 16 እጥፍ ይሆናል። በዚህ ስሌት አንድ ከመጠን በላይ የጫነ ተሳቢ የሚያደርሰውን የአንተ ባጃጅ በዕድሜዋ ሙሉ አታደርሰውም። ሳይክልማ ጭራሽ አይቆጠርም። ስለዚህ ሳይክል ምን ይከፍላል ከምትል ምን ያበላሻል በል። ባለ ሳይክሉ ነገ ሳይክሉን ትቶ መኪና ቢገዛ፣ አንተ የምትቆምበትን ዳር የሚይዝብህ እሱ ነው።

መቆሚያ የለኝም ያልከው ግን ሙሉ በሙሉ እውነት ነው። ያም የሥዕሉ ጉድለት ነው። የባጃጅ መቆሚያ ያልተሳለበት መንገድ ላይ የሳይክል መስመር ቀለም ብቻ ሆኖ ይቀራል። ሁለታችሁ የምትጠይቁት አንድ ወረቀት ላይ ነው።

መከራከሪያ ከፈለጋችሁ ደግሞ አለ። አገራችን ከ2020 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. የሚሠራበት የሞተር አልባ ትራንስፖርት፣ ማለትም የእግርና የብስክሌት ጉዞ ስትራቴጂ አላት። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2016 እ.ኤ.አ. አገሮች ከትራንስፖርት በጀታቸው ቢያንስ 20 በመቶውን ለእግረኛና ለብስክሌት እንዲያውሉ ጠይቋል። ደብዳቤያችሁ ላይ ጥቀሱት። ቢሮ ውስጥ ያለው ባለሙያም አለቃውን የሚያሳምንበት ወረቀት ይፈልጋል፣ እሱን አግዙት።

ሳይክል ጠጋኙ፣ ሐዋሳ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። የአዳማዋ እህቴም አመሰግናለሁ።

አሁን ማድረግ የምችለው ታየኝ። ቸርኬው ተጣሞ የሚመጣ ደንበኛ ሁሉ የት እንደወደቀ ይነግረኛል። እስካሁን ሰምቼ ነበር የማልፈው። ከዛሬ ጀምሮ ሱቄ ውስጥ ደብተር አኖራለሁ፣ ቦታውንና ምክንያቱን እጽፋለሁ፣ ፎቶም አነሳለሁ። ሐምሌ ሳይደርስ ይዤው እገባለሁ። ባለ ባጃጁ ወንድሜ፣ ፈቃደኛ ከሆንክ የመቆሚያውን ጉዳይ አንድ ላይ እንጻፈው። ማኅበራችሁ ቢፈርምበት ደግሞ ክብደት ይኖረዋል።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። ስለ ክዳኑ ደብዳቤው ላይ ምን ብዬ ልጠይቅ? የብረት ነው የኮንክሪት?

ባለ ባጃጅ

ፈቃደኛ ነኝ። የተራ አስከባሪዎቹንም አነጋግራለሁ። ቁጥርህን በውስጥ ላክልኝ።

የመንገድ ጡረተኛ፣ ሐዋሳ

ኮንክሪት በል። ብረቱን ሌሊት ነቅለው ለቁራሌው ይሸጡታል፣ ያንተም ልጅ የወደቀችበት እንዲያ ሆኖ ይሆናል። ፌሮ ያለበት፣ መኪና ቢወጣበት የማይሰበር፣ ከመንገዱ ጋር እኩል ሆኖ የሚቀመጥ። ውሃ የሚያስገባ ፍርግርግ የግድ በሆነበት ቦታ ደግሞ ፍርግርጉ ለመንገዱ አግድም ይሁን ብለህ ጻፍ። በመንገዱ ቁመት ከተደረገ የሳይክል ጎማ ይውጣል። ይህን ለማስተካከል ተጨማሪ ብር አያስፈልግም፣ ሲገጠም ማዞር ብቻ ነው። ረቂቁን ስትጨርስ እዚህ ለጥፈው፣ አይቼ እመልስልሃለሁ።