ኡሰይድ የሚለውን ስም የምታውቁ እርዱኝ

አሰላሙ ዐለይኩም። አልሐምዱሊላህ ወንድ ልጅ ተወልዶልን የአቂቃው (ለተወለደ ልጅ የሚታረድበትና ስም የሚወጣበት) ቀን ደርሷል፤ ስሙ ላይ ግን መስማማት አቃተን። እኔ ኡሰይድ እንዲባል እፈልጋለሁ። ኡሰይድ ኢብን ሑደይር ከመዲናው የአውስ ጎሳ አለቆች አንዱ ነበሩ፤ ነቢዩ ወደ መዲና በላኩት አስተማሪ፣ በሙስዐብ ኢብን ዑመይር ጥሪ ሰለሙ፤ ቁርኣን ሲቀሩ ድምፃቸው የሚመስጥ ሶሓባ (የነቢዩ ባልደረባ) ናቸው። ታሪካቸውን በጣም እወደዋለሁ።

የስሙ ሥር «አሰድ»፣ አንበሳ ነው፤ ኡሰይድ የእሱ ማሳነሻ ነው። አባቴ ግን «ትንሹ አንበሳ ማለት ስለሆነ ሲጎለምስ ያንስበታል» ይላሉ። ሑሰይንስ ከሐሰን በዚሁ መልክ የወጣ አይደል? ዐረብኛ የቀራችሁ፣ ማሳነሻው ማቆላመጫም እንደሚሆን በምን ላስረዳቸው?

ደግሞ እኛ ወሎ ውስጥ ሰይድ ብዙ ስለሆነ ሰፈሩ አሳጥሮ «ሰይድ» እንዳይለው እሰጋለሁ። ሳዑዲና ኤምሬትስ ያላችሁ፣ ዛሬ ልጆች በዚህ ስም ሲጠሩ ትሰማላችሁ?