«ምክንያቱ ምንም ይሁን» ይባላል እንዴ?

የከዚራ ልጅ፦ ትናንት ለገሃሬ ሻይ ቤት አንድ ሰውዬ ስለ ኢራቅ ጦርነት ሲያወራ «ሳዳም ይውደቅ እንጂ ምክንያቱ ምንም ይሁን» አለ። አንጀቴ አረረ። እ.ኤ.አ. በ2003 የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኮሊን ፓወል ጸጥታው ምክር ቤት ፊት ኢራቅ ውስጥ ኬሚካል መሣሪያው አለ፣ ተንቀሳቃሽ ላቦራቶሪው አለ ሲል ዋለ። አሜሪካኖቹ ገቡ፣ ፈተሹ፣ የተባለው ክምችት የለም። እና ምክንያቱ ምንም ይሁን?

ሳቢያን፦ ያ «ሰውዬ» እኔ ነኝ አቦ። ሻይህንም የከፈልኩት እኔ ነኝ። የኢራቋ ከተማ ሐላብጃስ? በ1988 ሳዳም ወደ 5,000 ኩርድ በጋዝ ፈጀ። ይህንንም ፓወል ፈጠረው?

የከዚራ ልጅ፦ ከ1988 እስከ 2003 አስራ አምስት ዓመት ነው። እስከዚያ ምን ይጠብቁ ነበር? ያኔማ ከኢራን ጋር ሲዋጋ ከጎኑ ነበሩ።

የደቻቱ እናት፦ ልጆቼ፣ በእኛ ነሐሴ 1969 የሶማሊያው የዚያድ ባሬ ጦር ወደ ድሬዳዋ ሲመጣም ወሬው «ነፃ ማውጣት» ነበር። እኛ አልጋ ስር ነበርን።

ሳቢያን፦ እማማ፣ እርሱ መሬት ፈልጎ ነው፤ አያምታቱብኝ። የታንዛኒያው ኔሬሬስ? የኡጋንዳው ኢዲ አሚን የታንዛኒያን ካጌራ ቢወር አባረረው። ድንበር ላይም አልቆመም፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ካምፓላ ገባ። ለአሚን ማን አለቀሰ?

የከዚራ ልጅ፦ አሚን ቀድሞ ወርሯል! ሳዳም በ2003 ማንን ወረረ? ኩዌት እንዳትለኝ፣ እርሷ በ1991 አልቃለች።

መጋላ፦ እኔ የሚያስቀኝ ሌላ ነው። ቡሽ ባወጡት የደጋፊ አገሮች ዝርዝር ውስጥ እኛም ነበርን፣ ኤርትራም ነበረች። በባድመ የተጨራረሱ ሁለት መንግሥታት ባግዳድ ላይ ተስማሙ።

ሳቢያን፦ ወታደር አልላክንም። ስም ብቻ ነው።

የከዚራ ልጅ፦ ስማችን ለምን እንደገባ ቢጠየቅስ? «ምክንያቱ ምንም ይሁን»!

ሳቢያን፦ ያቺን ቃል ዛሬ ከአፍህ አትለይም አይደል? ከሦስተኛው ሻይ በኋላ የተባለች ናት።

የከዚራ ልጅ፦ በመጀመሪያው ሻይ ነው ያልካት። እኔ ቆጥሬአለሁ።

መጋላ፦ ሻይ ስትቆጥር ኖሯል ለካ፣ ሒሳብ ሲመጣ ግን ሽንት ቤት ነህ።

ሳቢያን፦ ሳዳም ወድቋል። አራት ነጥብ።

የደቻቱ እናት፦ ከአራት ነጥቡ በኋላ ያለቀው ሕዝብስ ልጄ?

ሳቢያን፦ አራት ነጥብ አልኩ እኮ እማማ።