የማዕከሉ ጓሮ ሲሚንቶ ይሁን ወይስ አትክልት?

የማርቆስ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ የአረጋውያን ማዕከል ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ አግዛለሁ። ከወጥ ቤቱ ጀርባ ያለው ባዶ መሬት ሲሚንቶ ሊደረግ ነው፤ እኔ ደግሞ አትክልት ቢተከልበት ደስ ይለኛል። እዚያ ያሉት አባቶችና እናቶች አብዛኞቹ ገበሬ ነበሩ፤ አሁን ግድግዳ ተደግፈው ነው የሚውሉት። ባለፈው ሰማዩ ሲያጉረመርም አንድ አባባ «ዘንድሮ ጤፉ ተዘራ?» ብለው ጠየቁኝ። ምን እንደምመልስ ጨነቀኝ። እውነት ይጠቅማቸዋል? መውደቅ እንዳይመጣም እፈራለሁ።

ነርሷ፦
በጣም ይጠቅማል ወንድሜ። ፀሐይ ሲያገኙ ሰውነታቸው ለአጥንት የሚሆነውን ቫይታሚን ዲ ይሠራል። ቀን ብርሃን ያገኘ ሰው ማታ ይተኛል፤ ክፍል ውስጥ የሚውሉት ናቸው ቀን እያንጎላጁ ሌሊት የሚነቁት። ለኃላፊዎቹ አንድ ነገር ንገራቸው። ሮጀር ኡልሪች የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣው ጥናት፣ ፔንስልቬንያ ውስጥ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 46 ሰዎች አነጻጽሯል። ግማሾቹ በመስኮት ዛፍ ያያሉ፣ ግማሾቹ የጡብ ግድግዳ። ዛፍ የሚያዩት ቶሎ ወጡ፤ ጠንካራ ማስታገሻም የወሰዱት ትንሽ ነው። ጥናቱ ስለ አረጋውያን አይደለም፤ ግን ግድግዳ ሲያዩ ለሚውሉት ሰዎችህ ይሆናል።
የመርሳት ችግር ላለባቸው ደግሞ ሽታ ትልቅ ነገር ነው። ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ አሪቲ ትከሉ። አንዲት ሳስታምማቸው የነበሩ እማማ የልጃቸው ስም ጠፍቷቸው፣ ጤና አዳም ሲሸታቸው ግን «ለቡናው ነው፣ አምጪው» ይሉኝ ነበር።

ግንበኛው፦
መሄጃውን ብቻ ሲሚንቶ አድርጉት። ሸካራ ይሁን፤ ለስላሳው ክረምት ላይ ያንሸራትታል። ተሽከርካሪ ወንበር በደንብ ይለፍበት፤ ዞሮም የተነሳበት ይመለስ። መጨረሻው አጥር ከሆነ የሚረሱት እዚያ ቆመው ይጨነቃሉ። መደቡን ከ60 እስከ 75 ሳንቲሜትር በድንጋይ ከፍ ብታደርጉት ማጎንበስ ይቀራል። ብር ከሌለ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ አፈርና ፍግ ሞልቶ ጎመን መትከል ነው። ጉሎና አስተናግር ካለ ንቀሉ፤ ፍሬያቸው መርዝ ነው።

የገበሬ ልጅ፦
እናንተ ተክላችሁ «ኑ እዩ» እንዳትሏቸው፣ አደራ። አባቴ ባሕር ዳር እኔ ዘንድ ሲመጣ ሁለት ወር ሙሉ ዝም አለ። አሞት ይሆናል ብዬ ሐኪም ቤት ሁሉ ወስጄው ነበር። አንድ ቀን ድንች ልተክል ጓሮውን ስቆፍር «ዶማ እንዲህ ነው እንዴ የሚያዝ?» ብሎ ተነሣ። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ቁፋሮው የእኔ ሆነ፣ ትልሙን የሚያሳየኝ ግን እሱ ነበር። ከዚያ በኋላ ጠዋት ከእኔ ቀድሞ ይወጣል። ጎረቤት ቃሪያ ሊለምነው የመጣ ዕለት ያየሁትን ፊቱን አልረሳውም። ስንት ጊዜ ሲሰጠው ቆይቶ፣ ያን ቀን ሰጪ ሆነ።

የማርቆስ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ለኃላፊዎቹ ከመንገሬ በፊት፣ ስለ ጤፉ የጠየቁኝን አባባ ወስጄ መሬቱን አሳያቸዋለሁ። የኅዳር ውርጭ ሳይመጣ የትኛው እንደሚደርስ እሳቸው ይንገሩኝ።