የነርቭ ምርመራ ቪዲዮ ድምፁ እየተሰማ ምስሉ አይታይም፤ ለነገ ጠዋት መድረስ አለበት

የኒውሮሎጂ መምህር (ጠያቂ)
ውድ አባላት፣ አስቸኳይ እርዳታ እፈልጋለሁ። ለሲ-ዋን ተማሪዎች (በሆስፒታል ልምምድ የመጀመሪያ ዓመት ላይ ላሉ የሕክምና ተማሪዎች) የነርቭ ምርመራን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያሳይ ቪዲዮ አዘጋጅቼ ሙድል በተባለው የኦንላይን መማሪያ ገጽ ላይ ጭኛለሁ፤ ነገር ግን አብዛኞቹ ተማሪዎች ሲከፍቱት ድምፄ ብቻ እየተሰማ ማያ ገጹ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። እኔ ስልክ ላይ ያለ ምንም ችግር ይታያል። ተማሪዎቹ ቪዲዮውን አይተው ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ በቡድን ወደ ዋርድ እንዲገቡ ፕሮግራም ስለተያዘ ዛሬ ማታ መስተካከል አለበት። ርዝመቱ 22 ደቂቃ፣ መጠኑ 1.3 ጊጋባይት ነው።

የአይሲቲ ባልደረባ
ሰላም ዶክተር። ሙድል አንድ ሰው ሊጭነው የሚችለውን የፋይል መጠን የሚወስነው አስተዳዳሪው ነው፤ ከገደቡ ያለፈ ፋይል አይቀበልም። የግቢያችሁን የሙድል አስተዳዳሪ ገደቡን ከፍ እንዲያደርግላችሁ ጠይቁት።

የኒውሮሎጂ መምህር
አመሰግናለሁ፤ ፋይሉ ግን ያለ ችግር ተጭኗል። ያስቸገረው ሲከፈት ነው።

ቪዲዮ አርታኢ
መዶሻው ጉልበቱን ሲመታ ድምፁ ብቻ ከተሰማ፣ ተማሪዎቹ ዘንድሮ ሪፍሌክስን በጆሯቸው ሊመረምሩ ነው! ለማንኛውም፣ ድምፅ ኖሮ ምስል ከጠፋ የኔትወርክ ችግር አይደለም፤ ምስሉ የተጨመቀበትን መንገድ የተማሪው ስልክ ማንበብ አልቻለም ማለት ነው። የቀረጹት በአይፎን ነው?

የኒውሮሎጂ መምህር
አዎን፣ በአይፎን ነው።

ሁሉን ሞካሪ
እንግዲያው ቀላል ነው። የፋይሉን ስም መጨረሻ ከኤምኦቪ ወደ ኤምፒ 4 ቀይረው እንደገና ይጫኑት።

ቪዲዮ አርታኢ
ስሙን መቀየር ውስጡን አይቀይረውም። አይፎን ከ2017 ወዲህ ኤች ኢ ቪ ሲ በሚባል መንገድ ጨምቆ ይቀርጻል፤ ይህን መንገድ አንዳንድ የአንድሮይድ ስልኮችና የኮምፒውተር ብራውዘሮች አያውቁትም። መፍትሔው ሀንድብሬክ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ኮምፒውተርዎ ላይ አውርደው ፋይሉን ኤች 264 ወደሚባለው፣ አብዛኞቹ መሣሪያዎች ወደሚያውቁት የመጨመቂያ መንገድ መለወጥ ነው። ከተዘጋጁት አማራጮች ውስጥ በ480 የምስል ጥራት የሚሠራውን ፈጣኑን ይምረጡ። ለወደፊቱ ደግሞ በአይፎኑ ሴቲንግ ውስጥ ካሜራ፣ ከዚያም ፎርማት የሚለውን ከፍተው ከብዙ መሣሪያዎች ጋር የሚስማማውን ቢመርጡ ይህ ችግር አይመለስም።

ጡረተኛው ሐኪም
ልጄ ዶክተር፣ ድካምህን አከብራለሁ። ይሁን እንጂ ስለ ፋይሉ ብቻ መነጋገራችን አልተመቸኝም። ተማሪዎች ኒውሮሎጂን ይፈሩታል፤ ይህ ፍርሃት በ1994 በሕክምና መጽሔት ላይ ስም ተሰጥቶት ተጽፎበታል፤ የእኛ ዘመን ተማሪዎችም ከዚሁ የተለዩ አልነበሩም። ፍርሃቱ የሚመጣው አናቶሚው በአንድ ዓመት፣ በሽተኛው በሌላ ዓመት ስለሚመጣና ሁለቱን የሚያገናኝላቸው ሰው ስለማይኖር ነው። ፈረንሳዊው የነርቭ ሐኪም ባቢንስኪ በ1896 ውስጥ እግር ሲፋቅ የሚታየውን የእግር አውራ ጣት እንቅስቃሴ ሲገልጽ የተመለከተው አንድ ትንሽ ነገር ነበር፤ ያን ትንሽ ነገር ግን ከአንጎል እስከ አከርካሪ ከሚወርደው መንገድ ጋር ስላገናኘው እስከ ዛሬ እንጠቀምበታለን። ስለዚህ 22 ደቂቃ ሙሉ ምርመራ ከማሳየት ይልቅ እያንዳንዱ ምልክት ጉዳቱ የት እንዳለ እንዴት እንደሚነግረን አሳያቸው።

ሁሉን ሞካሪ
ወይም ቪዲዮውን ቴሌግራም ላይ እንደ ፋይል ሳይሆን እንደ ቪዲዮ ለራስዎ ይላኩትና መልሰው ያውርዱት፤ ራሱ ጨምቆ ይለውጥልዎታል።

የሁለተኛ ዓመት ሬዚደንት
እኔ ከመነሻው ጋር ነው የማልስማማው። ተማሪው ዋርድ ከመግባቱ በፊት ሁሉንም የምርመራ ቅደም ተከተል በአንድ ጊዜ ማየት አለበት የሚለው ሐሳብ አይሠራም፤ አልጋው ዘንድ ሲደርስ የሚያስታውሰው መዶሻውን ብቻ ይሆናል። ከምርመራው በፊት የበሽተኛ ታሪክ ይሰጠው። ለምሳሌ ከደምቢያ ወይም ከፎገራ የመጣ፣ በችግር ዘመን ለወራት ጓያ ሲመገብ የቆየ ወጣት ገበሬ እግሮቹ ደርቀው እየተጠላለፉ በዱላ ይሄዳል እንበል። ስሜቱ ደህና ነው፤ የጉልበት ሪፍሌክሱ ጠንካራ ነው፤ አውራ ጣቱ ወደ ላይ ይነሣል። ጉዳቱ የጡንቻ ነው፣ የዳር ነርቭ ነው ወይስ ከዚያ በላይ ያለው፣ ከአንጎል የሚወርደው የእንቅስቃሴ መንገድ? ተማሪው ይህን ጥያቄ ይዞ የአንድ ደቂቃውን የውስጥ እግር ምርመራ ቢያይ፣ ምን እንደሚፈልግ አውቆ ያያል። ያው ታሪክ ሪፍሌክሱ ጠፍቶ ድክመቱ ከእግር ወደ ላይ በቀናት ውስጥ ቢወጣ ኖሮ መልሱ እንዴት እንደሚቀየርም በዚያው ይጠየቅ።

የኒውሮሎጂ መምህር
ሐሳባችሁን በሙሉ ልቤ እቀበላለሁ፤ ለሚቀጥለው ዙር እንደዚያ አደርገዋለሁ። ለነገው ግን ያለኝ ይኸው ነው። አብዛኛውን ክፍል የተመረመሩት ፈቃደኛ ሬዚደንቶች ናቸው፤ መጨረሻ ላይ ያሉት የፊታቸው ግማሽ የደከመባቸው ታካሚ እናት ብቻ ናቸው፤ እርሳቸውም በቃል ፈቅደውልኛል።

የሕክምና ሥነ ምግባር መምህርት
ዶክተር፣ እባክዎ ያን ክፍል ዛሬ ማታ ቆርጠው ያውጡት። ለመታከም መፍቀድ ለመቀረጽ መፍቀድ አይደለም፤ አልጋ አጠገብ ለሚቆሙ ጥቂት ተማሪዎች መፍቀድም ከስልክ ወደ ስልክ ለሚተላለፍ ፋይል መፍቀድ አይደለም። አንድ ተማሪ ቡድን ውስጥ ካስተላለፈው በኋላ እርሳቸው ሐሳባቸውን ቢቀይሩ ማን ሊመልሰው ይችላል? ፊትን መሸፈን ደግሞ በዚህ ጉዳይ አይጠቅምም፤ ተማሪው ማየት ያለበት ያው ፊት ነው። ጉዳቱ ከአንጎል ሲሆን ግንባር እንደሚንቀሳቀስ፣ የፊት ነርቭ ራሱ ሲጎዳ ግን ግንባርም ዓይንም አብረው እንደሚደክሙ በእጅ በተሣሉ ሁለት ፊቶች ማሳየት ይቻላል። ለወደፊቱ ደግሞ ለማስተማሪያነት ብቻ የተዘጋጀ፣ በአማርኛ ወይም በታካሚው ቋንቋ የተጻፈ የፈቃድ ቅጽ ይኑርዎት።

ሁሉን ሞካሪ
ቴሌግራሙን ሞከሩት?

የሁለተኛ ዓመት ሬዚደንት
ዩታ ዩኒቨርሲቲ በድረ ገጹ ላይ ያስቀመጣቸው አጫጭር የነርቭ ምርመራ ቪዲዮዎች አሉ፤ በእንግሊዝኛ ቢሆኑም ጥሩዎች ናቸው። የአጠቃቀም ፈቃዱን አይተው ማስፈንጠሪያውን ለተማሪዎቹ ቢሰጡ ለነገ የቀረውን ክፍተት ይሞላሉ።

የሲ-ዋን ተማሪ
እኔ የእርስዎ ተማሪ አይደለሁም፤ ግን በዚህ የትምህርት ደረጃ ያለሁ ስለሆነ አንድ ነገር ልጠይቅ። ከጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል ዶርም ውስጥ በዳታ ማውረድ አንችልም፤ የላይብረሪው ዋይፋይ ደግሞ ማታ ሰው ሲበዛበት ይቆማል። አራት አራት ደቂቃ ተደርጎ ቢቆራረጥ፣ የእያንዳንዱም ርዕስ ፋይሉ ስም ላይ ቢጻፍ፣ ያመለጠንን ብቻ ለይተን እናወርድ ነበር። ሌላው፣ ብዙ ቪዲዮዎች ላይ ካሜራው የመርማሪውን ጀርባ ነው የሚያሳየን። ውስጥ እግሩ የሚፋቅበት ቁልፍ ወይም እንጨት ከተረከዝ ተነሥቶ በውስጥ እግር የውጭ ጠርዝ በኩል ወደ ጣቶቹ ሲታጠፍ እጁንም አውራ ጣቱንም በአንድ ላይ በቅርብ ማየት እንፈልጋለን፤ የመጀመሪያው እንቅስቃሴ ወዴት እንደሆነ ካላየን ቀሪው አይጠቅመንም።

ቪዲዮ አርታኢ
ተማሪው ያለው ትክክል ነው፤ በ480 የተሠራ የአራት ደቂቃ ክፍል ከ20 እስከ 30 ሜጋባይት ገደማ ነው የሚይዘው። ሀንድብሬክ ውስጥ ከየት እስከ የት እንደሚለወጥ መወሰን ስለሚቻል መቁረጡንና መለወጡን በአንድ ጊዜ ይጨርሳሉ፤ የታካሚዋንም ክፍል በዚያው ያስቀራሉ። ለድረ ገጽ አመቻች የምትለውን ትንሽ ሳጥን ምልክት ማድረግ አይርሱ፤ ያለዚያ አንዳንድ ስልኮች ፋይሉ ሙሉ በሙሉ ሳይወርድ ማጫወት አይጀምሩም። አሮጌውን ፋይል ከሙድል ላይ ያጥፉት፤ ከዚያም ለተማሪዎቹ ከማስታወቅዎ በፊት የመጀመሪያውን ክፍል በተማሪ አካውንት፣ ዋጋው ዝቅ ያለ አንድሮይድ ስልክ ላይ ከፍተው ይመልከቱ።